የሊቁ ድመት

«ሊቅ» ሲባል አብዛኞቻችን በሐሳባችን የምናየው ሰው አንድ ዓይነት ነው። መነጽር አለው፤ ነጭ ካፖርት ለብሷል፤ አይስቅም፤ ቤት ያለው አይመስልም፤ ቤት ቢኖረውም ውስጡ መጽሐፍ እንጂ ምድጃ የለበትም። ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ ስሙ ከአንድ ሕግ ወይም ከአንድ መለኪያ ጋር ተጣብቆ ቀርቦልናል። ኒውተን የኃይል መለኪያ ነው፤ ፓስካል የግፊት መለኪያ ነው፤ ኦም የኤሌክትሪክ መለኪያ ነው። እነዚህ ሰዎች ማታ ምን ይበሉ እንደ ነበር፥ ደጃፋቸው ላይ ምን ዓይነት ውሻ ይጮህ እንደ ነበር ማንም አይነግረንም፤ ፈተና ላይም አይመጣም።

ታዲያ ሊቅ ቤት አለው ወይ? ቢኖረውስ እኛ ተማሪዎችን ምን ያገባናል? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይኸው ነው። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም በመኝታ ክፍላችን ውስጥ ከአንድ ወር የበለጠ አከራክሮናል።

እኛ በአንድ ክፍል የምንኖር አራት ተማሪዎች ነን። ከመካከላችን የባዮሎጂው ተማሪ አንድ ምሽት ማስቶዶን በሚባለው የማኅበራዊ መገናኛ መረብ ላይ አንድ የውጭ አገር ሊቅ ራሳቸውን ያስተዋወቁበትን አጭር ጽሑፍ አነበበልን። ሊቁ በአፈር ውስጥ የሚኖሩ ፈንገሶችን ያጠናሉ። ቀጥለውም ሁለት ድመቶች እንዳሏቸው፥ አንደኛዋ የኮምፒዩተሩ ኪቦርድ ላይ መተኛት እንደምትወድ፥ ቅዳሜ ቅዳሜ ዳቦ እንደሚጋግሩ፥ ስለ ሳይንስ ታሪክ መጨዋወት የሚፈልግ ሁሉ እንዲጽፍላቸው ገልጠዋል። ከጽሑፉ ሥር የድመቷ ፎቶግራፍ ነበረ።

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ከሳቁም በኋላ ክርክር ተነሣ። የክርክሩ ርእስ ሰውዬውን ከእንግዲህ «እሳቸው» እንበላቸው ወይስ «እሱ» እንበለው የሚል ነበር። ቋንቋችን በዚህ በኩል ዝም ብሎ አያሳልፍም፤ ስለ አንድ ሰው አፍ ከመክፈት በፊት ሰውዬው ሩቅ ነው ወይስ ቅርብ ብሎ ይጠይቃል። የፊዚክሱ ተማሪ «የአንድ ሊቅ ሥራ ማስረጃውን ማቅረብ ነው፤ ድመቱ ምን አገባን? ይህ ራስን መሸጥ ነው» አለ። የባዮሎጂው ልጅ «ድመት አላቸው ማለት እኮ አንቱታው ይቀራል ማለት አይደለም፤ እንዲያውም አሁን ገና ሰው መሆናቸውን አወቅሁ» ሲል መለሰለት። ሦስተኛው የሒሳብ አያያዝ ተማሪ ነው፤ ጉዳዩ እኔን አይመለከተኝም ብሎ ብርድ ልብሱን ተከናነበ። እርሱን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

መቼም ክርክር ያለ ዕውቀት ጩኸት ነውና ነገሩን ከሥሩ ለማየት ሞከርን።

ማስቶዶንን ኦይገን ሮችኮ የሚባል ጀርመን አገር የሚኖር የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ2016 ለሕዝብ አቀረበው። አሠራሩን ለመረዳት ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ዕድርን ማሰብ ይበቃናል። ዕድር በየሰፈሩ ነው፤ እያንዳንዱ የራሱ ደንብና የራሱ ዳኛ አለው፤ አገሩን ሁሉ የሚገዛ አንድ ትልቅ ዕድር ግን የለም። ሆኖም የአንዱ ዕድር አባል ለሌላው ሰፈር ለቅሶ ይደርሳል። ማስቶዶንም እንዲሁ በብዙ ትናንሽ ማኅበሮች የተከፋፈለ ነው። የሥነ ምህዳርና የዝግመተ ለውጥ ተመራማሪዎች የራሳቸው አላቸው፤ የሥነ ፈለክ ሰዎችም የራሳቸው አላቸው፤ እርስ በርሳቸው ግን ይጻጻፋሉ። አንድ መልእክት ብዙውን ጊዜ ከ500 ፊደላት አይበልጥም። የሚከተሏቸው ሰዎች የጻፉት ነገር በተጻፈበት ሰዓት ቅደም ተከተል ይደርሳል እንጂ ትርፍ ፈላጊ ድርጅት መርጦ አያቀርበውም።

ብዙ ሊቃውንት ወደዚያ የተሰደዱት እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ነው። በዚያ ዓመት ኦክቶበር 27 ቀን ኢሎን መስክ ትዊተርን በ44 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። ሊቃውንቱ ለዓመታት ጽሑፋቸውን ይለዋወጡበት፥ ይከራከሩበት የነበረው አደባባይ በአንድ ቀን ባለቤቱ ተለወጠ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ስሙ ራሱ ተለውጦ ኤክስ ተባለ። ሮችኮ እንደ ገለጠው በኦክቶበርና በኖቬምበር 2022 መካከል በየወሩ ማስቶዶንን የሚጠቀሙት ሰዎች ቁጥር ከ300 ሺህ ገደማ ወደ 2 ሚሊዮን ተኩል ደረሰ። በኋላ ቁጥሩ መልሶ ቀንሷል፤ ሌሎችም እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 ለማንኛውም ሰው ወደ ተከፈተው ብሉስካይ ሄደዋል። ቢሆንም በዚያ የስደት ወራት አንድ ጥሩ ልማድ ጐልቶ ታየ። አዲስ የገባ ሰው ሁሉ በመጀመሪያ ቀኑ «ማን ነኝ፥ ምን እወዳለሁ» ብሎ ራሱን ያስተዋውቃል። እንግዳ ወደ ሰው ቤት ሲገባ «ቤቶች!» ብሎ ቀጥሎ ከየት እንደ መጣ እንደሚናገረው ማለት ነው። የፈንገሱ ሊቅ ጽሑፍም የዚሁ ልማድ ውጤት ነበረ።

እስከዚህ ድረስ የፊዚክሱ ጓደኛችን ፍንክች አላለም። «መተዋወቁስ ይሁን፤ ድመቷን ምን አመጣት?» አለ። መልሱን የሰጠው የራሱ የትምህርት ዘርፍ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1975 በአሜሪካ የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ፊዚሲስት የሆኑት ጃክ ሄዘሪንግተን በጠጣር ሄሊየም-3 ውስጥ አቶሞች ቦታ ሲለዋወጡ ስለሚሆነው ነገር አንድ ጥናት ጽፈው «ፊዚካል ሪቪው ሌተርስ» ለሚባለው ታላቅ መጽሔት ሊልኩ ተዘጋጁ። ጽሑፉን ከመላካቸው በፊት ያነበበው አንድ የሥራ ባልደረባቸው «ጥናቱ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ብቻህን ጽፈህ ሳለ ከዳር እስከ ዳር ‹እኛ› ብለሃል፤ መጽሔቱ በዚህ ምክንያት ይመልስብሃል» አላቸው። ጊዜው የጽሕፈት መኪና ጊዜ ነው። ታላላቆቻችን ይህን የመሰለ መጽሔት በስቴንስል እየመቱ ያባዙ በነበረ ዘመን አንድን ገጽ እንደ ገና መምታት ምን ያህል ያስመርር እንደ ነበር የሰማ ሰው የሄዘሪንግተንን ጭንቀት ይረዳዋል። እርሳቸውም «እኛ» የሚለውን ቃል ሁሉ ከመለወጥ አንድ ደራሲ መጨመር ይቀላል ብለው አሰቡ። ቼስተር የሚባል የሲያም ድመት ነበራቸው። የድመትን ሳይንሳዊ መጠሪያ ፌሊስ ዶሜስቲከስን፥ የራሱን ስም ቼስተርን፥ የአባቱን ስም ዊላርድን አያይዘው «ኤፍ. ዲ. ሲ. ዊላርድ» ብለው ሁለተኛ ደራሲ አደረጉት። ጥናቱም በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር ታተመ። ድመቱ እ.ኤ.አ. በ1980 «ላ ሬሸርሽ» በሚባል የፈረንሳይ መጽሔት ላይ ብቻውን ደራሲ ሆኖ እንደ ገና ወጣ። መጽሔቱን የሚያሳትመው የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበርም እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 2014 ድመቶች የደረሷቸው ጥናቶች ሁሉ ከእንግዲህ ለማንም በነጻ ይነበባሉ ሲል እየቀለደ አስታወቀ።

ይህ ቀልድ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ባላነሣነውም ነበር። የበሽታ መከላከል ተመራማሪዋ ፖሊ ማትዚንገር እ.ኤ.አ. በ1978 «ጆርናል ኦቭ ኤክስፐሪሜንታል ሜዲሲን» ላይ ባወጡት ጥናት ውሻቸውን ጋላድሪኤል ሚርክዉድ ብለው ደራሲ አድርገዋታል። እርሳቸው የሰጡት ምክንያት «ተደረገ፥ ተስተዋለ» እያልሁ አድራጊ በሌለው ዐረፍተ ነገር መጻፍ አልፈለግሁም፤ «እኔ» ብዬ ለመጻፍ ደግሞ ገና ድፍረቱ አልነበረኝም የሚል ነበር። ሌላውም አንድሬ ጋይም ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2001 በማግኔት ኃይል አየር ላይ ስለሚንሳፈፍ ጋይሮስኮፕ ባሳተሙት ጥናት ላይ ቲሻ የምትባለውን ሃምስተራቸውን፥ ማለት አይጥ መሳይ የቤት እንስሳቸውን፥ ደራሲ አድርገዋል። እኒሁ ሰው እ.ኤ.አ. በ2010 ስለ ግራፊን ባደረጉት ምርምር የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ከኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ ጋር ተካፍለዋል።

አንባቢ ሆይ፥ የሄዘሪንግተንንና የማትዚንገርን ታሪክ ጐን ለጐን አስቀምጠህ ተመልከት። ሁለቱም እንስሳት ወደ ሳይንስ መጽሔት የገቡት በአንዲት የሰዋስው ቀዳዳ ነው። «እኔ» ማለት በከበደበት ቦታ እንስሳው ገብቶ «እኛ»ን እውነት አደረገው። የሳይንስ ጽሑፍ ለረጅም ጊዜ አድራጊውን ሲደብቅ ኖሯል። «ፈሳሹ ተሞቀ፤ ቀለሙ ሲለወጥ ታየ» ይባላል እንጂ ማን እንዳሞቀው፥ ማን እንዳየው አይነገርም። እኛም የላቦራቶሪ ዘገባ ስንጽፍ እንዲሁ እንድናደርግ ተምረናል። ለዚህ ልማድ በቂ ምክንያት አለው፤ ፈሳሹ በማንም እጅ ቢሞቅ ውጤቱ አንድ መሆን አለበትና። ነገር ግን ከልማዱ ጋር አንድ የተሳሳተ እምነት አብሮ ይመጣል፤ ዕውቀት ያለ ሰው ራሱን በራሱ የሚሠራ መምሰሉ ነው። ለጀማሪ ተማሪ ደግሞ ይህ እምነት በሩን ይዘጋበታል። ሠሪው የማይታይ ሥራ ውስጥ ራሱን አስገብቶ ለማየት ማን ይደፍራል?

በቋንቋችን «የቤት እንስሳ» ስንል በሬውም፥ በጉም፥ አህያውም አብረው ይገባሉ። ድመት ለአይጥ፥ ውሻ ለሌባ ነው። ለፍቅር ብቻ የሚያዝ እንስሳ ለብቻው የቆመ ስም የለውም፤ ስለዚህ የፈንጆቹ ነገር የሚያስቀን እውነት ነው። ሆኖም ጥቅሙን በሌላ በኩል ደግሞ እንየው። በየቤታችን ምድጃ ዳር ድመት ወተት ስትጠጣ ያላየ የለም። ሮማን ስቶከር የሚባሉ በኤም.አይ.ቲ. ይሠሩ የነበሩ ተመራማሪ ኩታ ኩታ የምትባል ድመታቸው ስትጠጣ እየተመለከቱ «እንዴት?» ብለው ጠየቁ። ከባልደረቦቻቸው ጋር በፈጣን ካሜራ ቀርጸው እ.ኤ.አ. በ2010 «ሳይንስ» በሚባለው መጽሔት ላይ መልሱን አወጡ። ድመት እንደ ማንኪያ አትጠልቅም፤ የምላሷን ጫፍ ወተቱ ላይ ብቻ አሳርፋ በፍጥነት ስትስበው ቀጭን የወተት ዓምድ ተከትሎ ይነሣል፤ የመሬት ስበት መልሶ ሳይጥለው በፊት አፏን ትገጥማለች። ይህንንም በአንድ ሰከንድ ወደ አራት ጊዜ ያህል ታደርገዋለች። ዳርዊንም እ.ኤ.አ. በ1872 ስለ ሰውና ስለ እንስሳት ስሜት አገላለጥ ባሳተሙት መጽሐፍ የገዛ ውሻቸው ሽርሽሩ የቀረ ሲመስለው ጆሮውንና ጅራቱን ጥሎ እንዴት እንደሚያዝን ጽፈዋል። ከዚህ የምንረዳው የሊቁ ቤትና የሊቁ ሥራ በግንብ የተለያዩ አለመሆናቸውን ነው። ጥያቄው የሚወለደው ብዙ ጊዜ ሰውዬው በፍቅር ከሚያየው ነገር ነው።

ስለ መተማመንም ጥናት አለ። ሱዛን ፊስክና ሲድኒ ዱፕሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጽሑፍ አሜሪካውያን የሳይንቲስቶችን ችሎታ እንደሚያከብሩ፥ ቅርበታቸውንና በጎ ሐሳባቸውን ግን ያን ያህል እንደማያምኑ አሳይተዋል። ፔጅ ጃሮና ጓደኞቿ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 በኢንስታግራም ላይ መሣሪያውን ብቻ ከሚያሳይ ሳይንቲስት ይልቅ የገዛ ፊቱን ከሥራው ጋር የሚያሳየው የበለጠ ቅርብ ሰው ሆኖ እንደሚታይ፥ በዚህም ምክንያት ችሎታው ዝቅ ተደርጎ እንደማይገመት አገኙ። እርግጥ ይህ ጥናት ስለ ፊት እንጂ ስለ ድመት አይደለም። ቢሆንም «ሰው መሆንህን ካሳየህ ሊቅነትህ ይቀንሳል» የሚለውን ፍርሃት ያቀለዋል።

እዚህ ላይ የፊዚክሱ ጓደኛችን አንድ ነገር ተናገረ፤ ትክክል ነውና እንመዘግብለታለን። «ውሸታምም ድመት አለው» አለ። እውነቱን ነው። የድመቷ ፎቶግራፍ ስለ ፈንገሱ ቁጥር አንዳች አትመሰክርም። ሰውን ስለ ወደድነው ብቻ ቃሉን የምንቀበል ከሆነ በአሮጌው አንቱታ ፋንታ አዲስ አንቱታ ተከልን ማለት ነው። ድመቷ በሩን ትከፍታለች፤ ከገባን በኋላ ግን ማስረጃውን መመርመር የእኛ ፈንታ ነው። እንዲሁም ማንኛውም መረብ የተከራዩት ቤት መሆኑን የትዊተር ዕጣ አስተምሮናል። የማስቶዶን ትናንሽ ማኅበሮችም ብዙዎቹ በበጎ ፈቃደኞች ጉልበትና ኪስ የቆሙ ናቸው፤ የያዛቸው ሰው ሲደክም ሊዘጉ ይችላሉ። የተማርነውን በራሳችን ደብተርና በራሳችን ወዳጅነት ላይ ማኖር ይሻላል።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። የባዮሎጂው ልጅ እኔም ራሴን ላስተዋውቅ አለና አራታችንም ለሙከራ ያህል በየወረቀታችን መግቢያ ጻፍን። ወረቀቶቹ ሲነበቡ አራቱም የሬጅስትራር ቅጽ ይመስሉ ነበር፤ ስም፥ የትምህርት ክፍል፥ ዓመት። «ምን እወዳለሁ» የሚለው መስመር በአራቱም ላይ ባዶ ነበረ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከመካከላችን ሁለቱ የገቡበትን የትምህርት ክፍል በውጤትና በቦታ ብዛት ተመድበው እንጂ መርጠው አልገቡም። ለዓመታት የተጠየቅነው «ስንት አመጣህ?» እንጂ «ምን ትወዳለህ?» ተብለን አይደለም።

ያን ጊዜ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የነበረው የሒሳብ አያያዙ ተማሪ ተነሥቶ ተቀመጠ። «እኔ ንብ እወዳለሁ» አለ። በሦስት ዓመት አብሮ መኖር ይህን ከአፉ ሰምተን አናውቅም። አባቱ ጎጃም ውስጥ ቀፎ አላቸው። ንቡ ተከፍሎ ሊወጣ ሲል ማታ ማታ ጆሯቸውን ቀፎው ላይ ጥለው በድምፅ ያውቁታል፤ ልጁም አብሯቸው ያዳምጥ ነበር። ይህንኑ በጥቂት መስመር ጽፎ «ተማሪ ነኝ፤ የማጠናው ሒሳብ አያያዝ ነው፤ የምወደው ንብ ነው» ብሎ ላከው።

በሁለተኛው ቀን አንድ የንብ ተመራማሪ መልስ ሰጡት። የሰጡት መልስ ጥያቄ ነበር፤ ድምፁ ቀጭን ነው ወይስ ወፍራም? ልጁ ወደ አባቱ ስልክ ደወለ። አባቱም ነገሩ የፈተና ጉዳይ መስሏቸው ጉሮሯቸውን ጠርገው «ቀጭን ነው ልጄ፥ እንደ ዋሽንት ነው፤ ከሥር ደግሞ ሌላ የታፈነ ድምፅ ይመልስለታል» አሉት። ይህንን ጽፎ ላከ። ተመራማሪውም አባትህ የሚሰሙት ነገር በሳይንስ የታወቀ ነው አሉት። ቀድማ ከእንቁላሏ ቤት የወጣችው ወጣት ንግሥት ቀጭኑን ድምፅ ታሰማለች፤ ገና በሰም ክፍላቸው ውስጥ ተዘግተው ያሉት ንግሥቶች ደግሞ በታፈነ ድምፅ ይመልሱላታል፤ ከዚህም በኋላ ብዙ ጊዜ ንቡ ተከፍሎ ይወጣል። ልጁ ይህን ለአባቱ መልሶ ሲነግራቸው ጥቂት ዝም አሉና «ታዲያ እኔ የማውቀውን እነሱም ያውቃሉ ማለት ነው» አሉ።

ዛሬ ያ ልጅ ከቤተ መጻሕፍት ስለ ንብ የተጻፈ መጽሐፍ ተውሶ ከሒሳብ መዝገቡ ጐን ያነባል። የትምህርት ክፍሉን አልለወጠም፤ ምናልባትም አይለውጥም። ነገር ግን አንድ የሩቅ አገር ሊቅ ጠይቀውት መልስ ሰጥቷል፤ የአባቱም ጆሮ ለማስረጃነት ቀርቧል። የፊዚክሱ ጓደኛችን እንኳ አሁን ስለ ንቡ ተመራማሪ ሲያወራ አንድ ጊዜ «እሳቸው»፥ አንድ ጊዜ «እሱ» እያለ ይደናገራል።

እንግዲህ ወንድሞችና እህቶች፥ ሐሳባችን ይህ ነው። ወደ አዲሱ መረብ ሁላችሁም ግቡ አንልም፤ የሚገባም የማይገባም ይኖራል። ነገር ግን የዚያን መረብ አንድ ልማድ ወደ ግቢያችን ብናመጣው ይጠቅመናል እንላለን። አዲስ ተማሪ ሲመጣ «ስንት አምጥተህ ገባህ?» ብለን ከመጠየቃችን በፊት «ምን ትወዳለህ?» እንበለው። መምህሮቻችንንም በትሕትና እንጠይቃቸው፤ ከጥናታቸው ሌላ ቤታቸው ውስጥ ምን እንደሚያሳድጉ፥ ምን እንደሚተክሉ፥ ምን ሲያዩ እንደሚገረሙ ይንገሩን። ለዚህም የማኅበራችን መጽሔት በየእትሙ አንድ ገጽ ቢመድብ መልካም ነው። የመጀመሪያውን መግቢያ የንቡ ልጅ ጽፎ ለአዘጋጆቹ ሰጥቷል፤ ሁለተኛውን እንጠብቃለን።